በጣም ጎበዝ መሆንና ኮከብ መሆን

በ1978 ተጀምሮ በ1979 በተፈጸመው የውድድር ዘመን (በዚህ ጽሑፍ ውስጥ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) በአሜሪካ በኦሃዮ ግዛት በምትገኘው በሲንሲናቲ ከተማ ሁለት ካናዳውያን ጎረምሶች በአንድ የበረዶ ሆኪ ቡድን ተሰልፈው ይጫወቱ ነበር። አንደኛው ማይክ ጋርትነር የሚባል የ19 ዓመት ወጣት ነው። ሁለተኛው ማርክ ሜሲየር ይባላል፤ እርሱም በዚያው የውድድር ዘመን ገና 18 ዓመት የሞላው ነበር። ጋርትነር በዚያ ዓመት 27 ጎል አገባ። ሜሲየር ግን ለሲንሲናቲ 47 ጊዜ ተሰልፎ ያገባው ጎል አንድ ብቻ ነው። ያን ጊዜ ከሜዳው ዳር ተቀምጦ የሚመለከት ሰው «ከእነዚህ ከሁለቱ ኮከብ የሚሆነው የትኛው ነው?» ተብሎ ቢጠየቅ፣ መልሱን ለማሰብ እንኳ ጊዜ ባላስፈለገው ነበር።

ብዙ ዘመን አልፎ ሁለቱም ጨዋታ ካቆሙ በኋላ ሒሳቡ ሲታይ፣ በትልቁ በናሽናል ሆኪ ሊግ ጋርትነር 708፣ ሜሲየር ደግሞ 694 ጎል አግብተው ተገኙ። እንግዲህ በጎል ቍጥር እስከ መጨረሻው ድረስ የበለጠው ጋርትነር ነው ማለት ነው። ይሁን እንጂ የሆኪ ወዳጅ የሆነ ሰው ሁሉ ኮከብ ብሎ የሚጠራው ሜሲየርን ነው። የጋርትነር ስም የተነሣ እንደ ሆነ ግን «አዎን፣ እርሱማ በጣም ጎበዝ ነበረ» ብሎ ወደ ሌላ ጨዋታ ያልፋል። ይህ አባባል ትክክለኛ ፍርድ ነው ወይስ በአንድ ትጉህ ሰው ላይ የተፈጸመ ግፍ? ነገሩ በደንብ ቢመረመር የሚያስቆጭም የሚያስተምርም ሆኖ እናገኘዋለን።

ስለ ጨዋታው ጥቂት ቃል

የበረዶ ሆኪ በአገራችን የሚታወቅ ጨዋታ አይደለም። ነገር ግን የገናን ጨዋታ ያየ ሰው መንፈሱን ለመረዳት አይቸግረውም። ጫፉ የቆለመመ በትር፣ በሁለት ወገን ተከፍሎ መጋፋት፣ ጌታና ሎሌ የማይለይበት ትግል፣ ይህ ሁሉ በዚያም አለ። ልዩነቱ በሩር ፈንታ «ፐክ» የሚባል፣ ከጠንካራ ጎማ የተሠራና 170 ግራም ያህል የሚመዝን ጠፍጣፋ ክብ ነገር መኖሩ፣ ሜዳውም ሣር ሳይሆን የረጋ በረዶ መሆኑ፣ ተጫዋቾቹም ከሥሩ የብረት ስለት ያለው ጫማ ተጫምተው እየተንሸራተቱ የሚበሩ መሆናቸው ነው። ሜዳው 61 ሜትር ርዝመትና 26 ሜትር ያህል ወርድ ያለው ሲሆን ዙሪያውን በሳንቃ የታጠረ ነው። ግቡ ከሜዳው ጫፍ ጥቂት ሜትር ወደ ውስጥ ገባ ብሎ ስለሚተከል ከጀርባው እየዞሩ መጫወት ይቻላል። ይህን ነገር አንባቢ ልብ ይበልልን፤ ወደ ኋላ እንፈልገዋለን።

ከእያንዳንዱ ወገን አምስት ተጫዋቾችና አንድ በረኛ በሜዳው ላይ ይሰለፋሉ። ጨዋታው ሦስት ጊዜ 20 ደቂቃ ነው። ፍጥነቱ ትንፋሽ የሚያሳጣ ስለ ሆነ ተጫዋቾቹ አንድ ደቂቃ እንኳ ሳይሞላቸው እየወጡ በሌሎች ይተካሉ። ከዚህም የተነሣ ስመ ጥር የሆነው አጥቂ እንኳ ከ60 ደቂቃ ውስጥ በበረዶው ላይ የሚቆየው 20 ደቂቃ ያህል ብቻ ነው። የቀረውን ጊዜ እንደማንኛውም ሰው አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጦ ይመለከታል። አንድ ሰው ከጨዋታው ሁለት ሦስተኛውን እጅ ተቀምጦ እያሳለፈ ጨዋታውን የእኔ ነው ሊል የሚችለው በምን ምክንያት ነው? የኮከብነት ምሥጢር የሚጀምረው ከዚህ ጥያቄ ይመስለናል።

ጋርትነር ምን ጎደለው?

መቼም ማይክ ጋርትነር ምንም አልጎደለውም ለማለት ያስደፍራል። በ1979 የዋሽንግተን ካፒታልስ ቡድን በአራተኛ ተራ መርጦ ወሰደው። ከዚያ ጀምሮ እስከ 1994 ድረስ በተከታታይ በ15 የውድድር ዘመናት በየዓመቱ ከ30 ጎል በላይ አገባ። ከእርሱ በፊት ይህን ያደረገ ሰው አልነበረም። ፍጥነቱም እንደ ተረት የሚነገር ነው። በ1996 በተደረገው የኮከቦች በዓል ላይ፣ ዕድሜው 36 ዓመት ሆኖ ሳለ፣ ሜዳውን በ13.386 ሰኮንድ ዞረ። ይህ ሰዓት 20 ዓመት ሙሉ ሳይሻር ቆይቶ በ2016 በአንድ የ19 ዓመት ወጣት ተሻሻለ። በጠባዩ ጨዋ፣ በሥራው ትጉህ፣ በየቀኑ ያንኑ ደመወዝ የሚያገኝበትን ሥራ በሚገባ ፈጽሞ ወደ ቤቱ የሚሄድ ሰው ነበር።

ይህን ሁሉ ይዞ ታዲያ፣ በዓመቱ መጨረሻ ለምርጥ ተጫዋቾች ከሚሰጡት ታላላቅ ሽልማቶች አንዱን እንኳ አላገኘም። በየዓመቱ በሚመረጠው የሊጉ ምርጥ ቡድን ውስጥም አንድ ጊዜ ስሙ አልገባም። ለስታንሊ ዋንጫ የፍጻሜ ግጥሚያም አንድ ቀን አልተሰለፈም።

አንዳንድ ሰዎች ዋንጫ ስላላገኘ ነው ይላሉ። ይህ ግን በቂ ምክንያት አይደለም። ዋንጫ የሚያገኘው ቡድን ነው፤ በረኛው ደካማ ከሆነ መልአክም ቢሰለፍ አያድነውም። ለምስክርነት ያህል በ2024 የሆነውን እንጥቀስ። የኤድመንተን ኦይለርስ ቡድን በሰባተኛው የፍጻሜ ግጥሚያ በፍሎሪዳ ተሸነፈ። ይሁን እንጂ ከሁለቱም ወገን የላቀ ተጫዋች ተብሎ የተሸለመው ከተሸናፊው ወገን የነበረው ኮነር ማክዴቪድ ነበር። ዳኞቹ ዋንጫውን ሳይሆን ሰውየውን አይተው ፈረዱ። ደግሞም ማክዴቪድ እጅግ ፈጣን ስለ ሆነ፣ ጋርትነርን የጎዳው ፍጥነቱ ነው ማለትም አይቻልም።

ወረቀትና እርሳስ የያዘው ልጅ

በዚያው በ1978ና በ1979 መካከል፣ በዚያው በጋርትነርና በሜሲየር ሊግ ውስጥ፣ አንድ ሌላ የ17 ዓመት ልጅ ነበረ። ስሙ ዌይን ግሬትስኪ ይባላል። በዚያ ዓመት 46 ጎል አግብቶ 64 ለጓደኞቹ አመቻቸ። በሆኪ ጎል ላገባውም፣ አመቻችቶ ላቀበለውም አንዳንድ ነጥብ ስለሚቈጠር ድምሩ 110 ነጥብ ሆነ።

ይህ ልጅ ሲያዩት የሚያስፈራ አልነበረም። ቀጭን ነው፤ ትከሻው ጠባብ ነው፤ ሲሮጥ ጋርትነር ጥሎት ይሄዳል፤ ሲመታም በሊጉ ውስጥ ከእርሱ የበለጠ ኃይል ያላቸው በብዙ የሚቈጠሩ ነበሩ። ነገር ግን ጨዋታ ባቆመበት በ1999 ስሙ በ894 ጎልና በ1,963 ማመቻቸት ተመዝግቦ ተገኘ። የጎሉን ቍጥር አሌክሳንደር ኦቬችኪን የተባለው ሩሲያዊ በ2025 አልፎታል። የማመቻቸቱን ቍጥር ግን ማን ይደርስበታል? ጎሎቹ በሙሉ ከሒሳቡ ቢሰረዙ እንኳ፣ ለሌሎች ባመቻቸው ብቻ ከማንኛውም የሊጉ ተጫዋች ጠቅላላ ነጥብ ይበልጣል።

ይህ እንዴት ሊሆን ቻለ? አባቱ ዋልተር ግሬትስኪ በኦንታሪዮ ግዛት በብራንትፎርድ ከተማ የሚኖር የቴሌፎን ኩባንያ ሠራተኛ ነበር። ከቤቱ ጀርባ ባለው ግቢ ውኃ እያፈሰሰ በብርድ እያረጋ ለልጁ የበረዶ ሜዳ አበጀለት። ይህን ብዙ የካናዳ አባቶች ያደርጉታል። ሁሉም አባት የማያደርገው ግን የሚከተለውን ነው። ልጁ በቴሌቪዥን ግጥሚያ ሲመለከት በእጁ ወረቀትና እርሳስ ይይዛል። በወረቀቱ ላይ የሜዳው ቅርጽ ተሥሏል። ልጁም ዓይኑን ከቴሌቪዥኑ ሳያነሣ ፐኩ የሚሄድበትን መንገድ በእርሳሱ ይከተላል። ግጥሚያው ሲያልቅ ወረቀቱ መስመር በመስመር ይሆናል፤ መስመሮቹ የበዙበትና የተደራረቡበት ቦታ ግን ጐልቶ ይታያል። ፐኩን ፍለጋ ከመንከራተት ይልቅ ፐኩ ከሚመጣበት ቦታ ቀድሞ መገኘት እንደሚሻል ሕፃኑ የተማረው እንዲህ ነው።

አሁን ከግቡ ጀርባ ወዳለው ጠባብ ቦታ እንመለስ። ከግሬትስኪ በፊት ብዙ ተጫዋቾች ያንን ሥፍራ ማለፊያ መንገድ ብቻ አድርገው ይቈጥሩት ነበር። እርሱ ግን ፐኩን ይዞ እዚያ ይቆማል፤ ሰዎችም ያን ቦታ «ቢሮው» እያሉ ይጠሩት ጀመር። (ባለጉዳይ የማይጉላላበት ቢሮ መሆኑ ነው።) እዚያ የቆመ እንደ ሆነ ተከላካዮቹ ግራ ይገባቸዋል። ወደ እርሱ ቢሄዱ በር ላይ ያሉትን የእርሱን ጓደኞች ለቀው መሄዳቸው ነው፤ ባይሄዱ ደግሞ እርሱ ያለ ችኮላ አይቶና መርጦ ያቀብላል። በረኛውም አንገቱን ወደ ኋላ ማዞር አለበት፤ እርሱን ሲመለከት ከፊቱ የሚመጣውን አያይም። እንግዲህ አንድ ቀጭን ሰው ማንንም ሳይነካና ሳይሮጥ ስድስቱን ተቃዋሚዎቹን ሁሉ ከቦታቸው አናወጣቸው ማለት ነው።

ጎበዙና ኮከቡ የሚለዩት እዚህ ላይ ይመስለናል። ጎበዝ ተጫዋች ሥራው ከፐኩ ጋር ነው፤ ፐኩ የደረሰው እንደ ሆነ በሚያስደንቅ ሁኔታ ይጠቀምበታል። የኮከብ ሥራ ግን ከሰዎቹ ጋር ነው። እርሱ በሜዳው ላይ ያለ እንደ ሆነ የቀሩት ሰዎች፣ ወዳጅም ይሁኑ ጠላት፣ እርሱ በሌለበት ጊዜ የነበሩትን ዓይነት ሰዎች ሆነው አይገኙም።

ለዚህ ማስረጃ የሚሆነን የበርኒ ኒኮልስ ነገር ነው። ኒኮልስ በሎስ አንጀለስ ቡድን ውስጥ የታወቀ ጥሩ አጥቂ ሲሆን፣ በአንድ ዘመን ካገባው ሁሉ የበለጠው 46 ጎል ነበረ። በ1988 በነሐሴ ወር ግሬትስኪ ከኤድመንተን ተሽጦ ወደ ሎስ አንጀለስ መጣ። በሚቀጥለው የውድድር ዘመን ኒኮልስ 70 ጎል አገባ! በ1990 ወደ ኒውዮርክ ከተዛወረ በኋላ ግን በሕይወቱ እንደገና 40 ጎል ያገባበት ዘመን አልተገኘም። ይህ ኒኮልስን ለማሳነስ አይደለም፤ ሰባው ጎል በእርሱ በትር የገባ ነው። በውስጡ የነበረውን ያን ያህል ጎል ፈልጎ ያወጣለት ግን ሌላ ሰው ነበረ።

ሊጉ ራሱ እንኳ ደንቡን ለማሻሻል ተገዷል። ከሁለቱም ወገን አንዳንድ ሰው በአንድ ጊዜ ተቀጥቶ ሲወጣ ጨዋታው አራት ለአራት ይሆን ነበር። ሰው ሲቀንስ ባዶ ቦታ ይበዛል፤ ባዶ ቦታ ሲበዛ ደግሞ የኤድመንተን ቡድን እንደ ፈለገ ይጫወትበታል። ስለዚህ በ1985 የወጡት ሰዎች በሌሎች እንዲተኩና ጨዋታው አምስት ለአምስት እንዲቀጥል ተወሰነ። ደንቡ ወደ ቀድሞው የተመለሰው ግሬትስኪ ኤድመንተንን ከለቀቀ በኋላ በ1992 ነው። ለጎበዝ ሰው ሽልማት ይሰጡታል፤ ሕግ ግን አይለውጡለትም።

ከተከላካይ ሥፍራ የተነሣው

ይህ ነገር የአጥቂዎች ብቻ አይደለም። ቦቢ ኦር በ1966 በ18 ዓመቱ በቦስተን ብሩይንስ ቡድን ሲሰለፍ፣ የተከላካይ ሥራ ከበረኛው ፊት ቆሞ መመከት ነበር። ፐኩን ካገኘ ለአጥቂዎቹ አቀብሎ እርሱ ወደ ኋላ ይቀራል። ኦር ግን ፐኩን እንደ ያዘ ከራሱ ግብ ተነሥቶ የሜዳውን ርዝመት ሁሉ ሰንጥቆ ይሄድ ጀመር። በ1970 በ120 ነጥብ የሊጉ አንደኛ ሆነ፤ በ1975ም እንደገና በ135 አንደኛ ወጣ። ከእርሱ በፊትም ሆነ ከእርሱ በኋላ በነጥብ ሊጉን የመራ ተከላካይ የለም። የጉልበቱ ሕመም ግን ደጋግሞ ከሐኪም ቢላዋ ሥር ስላዋለው በ1978 ገና በ30 ዓመቱ ጨዋታውን ለመተው ተገደደ። የተጫወተው 657 ግጥሚያ ብቻ ነው፤ ይህም ከጋርትነር 1,432 ግጥሚያ እኩሌታውን እንኳ አይሞላም። ነገር ግን ዛሬ በየትኛውም አገር አንድ የሆኪ አሠልጣኝ ለአንድ ልጅ ተከላካይ «ፐኩን ይዘህ ሂድ» የሚለው በቦቢ ኦር ምክንያት ነው።

ሜሲየር የተናገረው ቃል

አሁን ወደ ሜሲየር እንመለስ። እርሱ እንደ ግሬትስኪ ሁሉን አስቀድሞ የሚያይ፣ እንደ ኦርም አዲስ የአጨዋወት ዘዴ ያወጣ ሰው አይደለም። የእርሱ ኃይል ያለው ሌላ ቦታ ነው። በ1979 ኤድመንተን በ48ኛ ተራ መርጦ ወሰደው፤ ከእርሱ በፊት 47 ወጣቶች ተመርጠው አልፈዋል ማለት ነው። ዓይኑ የሚያስፈራ፣ ትከሻው የሚሰብር፣ ጓደኞቹ ደግሞ የሚያፍሩት ሰው ሆኖ አደገ። ከግሬትስኪ ጋር አራት ጊዜ ዋንጫ በላ። ግሬትስኪ በተሸጠ ጊዜ ብዙ ሰው «የኤድመንተን ነገር አከተመ» ሲል፣ ሜሲየር አምበል ሆኖ በ1990 አምስተኛውን ዋንጫ አስገኘ።

በ1991 ወደ ኒውዮርክ ሬንጀርስ ተዛወረ። ይህ ቡድን ከ1940 ጀምሮ ዋንጫ ያላየ ነው። እዚያም የጠበቀው ማን ሆነ? የሲንሲናቲው ጓደኛው ማይክ ጋርትነር።

ሁለቱ ጓደኞች አብረው በነበሩበት ጊዜ አንድ የሚያስገርም ነገር ሆነ። በ1993 በሞንትሪያል በተደረገው የኮከቦች ግጥሚያ ላይ ሜሲየር በመጎዳቱ ምክንያት ሊሰለፍ ስላልቻለ በእርሱ ፈንታ ጋርትነር ተጠራ። በተተኪነት የተጠራው ጋርትነርም አራት ጎል አግብቶ የዕለቱ ምርጥ ተጫዋች ተባለ። የኮከቦች ግጥሚያ ማንም ማንንም የማይገፋበት፣ በረኛው ብቻ የሚላብበት የበዓል ጨዋታ ነው። የእጅ ብልሃትና የእግር ፍጥነት ብቻቸውን በሚመዘኑበት በዚያ ሚዛን ጋርትነር ከማንም አያንስም ነበር።

በሚቀጥለው ዓመት፣ በመጋቢት 1994፣ ሬንጀርስ በሊጉ ውስጥ ግንባር ቀደም ሆኖ ሳለ ሹሞቹ አንድ ከባድ ውሳኔ ወሰኑ። የተጫዋቾች መለዋወጫ ጊዜ በሚዘጋበት ዕለት፣ በዚያ ዘመን 28 ጎል ያገባላቸውን ጋርትነርን ለቶሮንቶ ሰጥተው በምትኩ ግሌን አንደርሰንን ወሰዱ። አንደርሰን ዕድሜው የገፋ፣ በዚያ ዓመት ጎሉ ከጋርትነር ያነሰ ነው። ነገር ግን ከሜሲየር ጋር አምስት ጊዜ ዋንጫ የበላ ሰው ነበረ። አሠልጣኙ ለዋንጫው ግጥሚያ የፈለገው የጎል ቍጥር ሳይሆን ያንን ጭንቅ የሚያውቅ ሰው ነው።

በግንቦት ወር ሬንጀርስ ከኒው ጀርሲ ጋር ሲጋጠም ሦስት ለሁለት ተመራ። አንድ ጊዜ ደግሞ ቢሸነፍ ሁሉ ነገር ያልቃል። በዋዜማው ጋዜጠኞች ሜሲየርን በጠየቁት ጊዜ እንደሚያሸንፉ አረጋግጦ ነገራቸው፤ ቃሉም በማግሥቱ በኒውዮርክ ጋዜጦች ላይ በትልልቅ ፊደል ታትሞ ወጣ። እንዲህ ያለ ቃል ለተቃራኒው ቡድን ሞራል ስለሚሰጥ አስተዋይ ተጫዋች አይናገረውም። ሜሲየር ግን የተናገረው ለኒው ጀርሲ አልነበረም፤ ለራሱ ጓደኞች ነበር። ግጥሚያው ተጀምሮ ሬንጀርስ ሁለት ለባዶ ሲመራ ቃሉ መሳቂያ ሊሆን ምንም አልቀረውም። በሁለተኛው ክፍለ ጊዜ መጨረሻ ሜሲየር ለወጣቱ ለአሌክሲ ኮቫሌቭ አቀብሎ አንድ ጎል ተገኘ። በሦስተኛው ክፍለ ጊዜ ራሱ ሦስት ጎል አከታትሎ አገባና አራት ለሁለት አሸነፉ። ቀጥለውም ሰባተኛውን ግጥሚያ አሸንፈው ለፍጻሜ ደረሱ።

እዚህ ላይ ስለ ጋርትነር የሚቆረቆር ሰው «ዕድል ነው እንጂ ሌላ ምን አለ? ያ ሰው በጉብዝናው ዘመን ከግሬትስኪ ጋር ቢሰለፍ ኖሮ አምስት ዋንጫ በበላ ነበር» ሊል ይችላል። እውነት ነው፤ እኛም እናምናለን። ምናልባት በዓመት 70 ጎል ባገባ ነበር። ነገር ግን ይህን ስንል በርኒ ኒኮልስን ደግመን መናገራችን ነው፤ ማንም ሰው ግን ኒኮልስ አጠገቡ ቢሰለፍ ግሬትስኪ ምን ያህል በተሻሻለ ነበር ብሎ ሲጠይቅ አልሰማንም። ስለዚህ ኮከብ የሚለውን ስም ለሜሲየር ሰጥተው ለጋርትነር የነፈጉት ሰዎች በስሙ አልተሳሳቱም። የተሳሳቱት «በጣም ጎበዝ» የሚለውን ቃል ቀላል ነገር አስመስለው መናገራቸው ነው። በዚያ ሊግ ውስጥ እስከ ዛሬ ከተጫወቱት በሺሕ የሚቈጠሩ ሰዎች መካከል 700 ጎል የሞሉት በሁለት እጅ ጣት የሚቈጠሩ ናቸው።

በዚያው ግንቦት ቶሮንቶም እስከ ግማሽ ፍጻሜ ደርሶ ነበር። ቫንኩቨርን ቢያሸንፍ ኖሮ ጋርትነርና ሜሲየር ለዋንጫው ፊት ለፊት ሊገናኙ ነው። ነገር ግን ሜሲየር ያንን ቃል በተናገረበት ዕለት ማታ ቶሮንቶ በአምስተኛው ግጥሚያ በተጨማሪ ሰዓት ተሸንፎ ወጣ። ጋርትነር በዘመኑ ሁሉ ወደ ፍጻሜው ከዚያ ይበልጥ ቀርቦ አያውቅም። ሰኔ 14 ቀን 1994 ሬንጀርስ በሰባተኛው ግጥሚያ ቫንኩቨርን ሦስት ለሁለት ሲያሸንፍ ሦስተኛዋን ጎል ያገባው ሜሲየር ነበር። በዚያ ሌሊት ሁለት ቡድኖችን በአምበልነት እየመራ ለስታንሊ ዋንጫ ያበቃ የመጀመሪያው ሰው ሆነ።

ጋርትነር ከዚያ በኋላ ሁለት ጊዜ ከ30 ጎል በላይ አግብቶ በ1998 ጨዋታውን አቆመ። በ2001ም በቶሮንቶ ከተማ በሚገኘው የሆኪ ዝነኞች አዳራሽ ውስጥ ስሙ ገባ። ሜሲየር እስከ 2004 ድረስ ሲጫወት ስለ ቆየ ተራው የደረሰው ከስድስት ዓመት በኋላ፣ በ2007 ነው።